ክፉው በምን ይታወቃል? የልጆች ተረትና የተዘለለው ጥያቄ

በኅዳር 2018 ዓ.ም. «ዊክድ» የተባለው የሙዚቃ ፊልም ሁለተኛ ክፍል በዓለም ሲኒማ ቤቶች መታየት ጀመረ። የመጀመሪያው ክፍል የወጣው ከዓመት በፊት ነው። ፊልሙ አዲስ ሰው አልፈጠረም። ከመቶ ዓመት በላይ «ክፉዋ ጠንቋይ» እየተባለች የኖረችውን ሴት ወስዶ ታሪኩን ከእሷ ወገን ቆሞ ይተርከዋል። ሴትዮዋ ቆዳዋ አረንጓዴ ሆኖ የተወለደች ናት። ክፉ የተባለችው በሥራዋ ነው ወይስ በመልኳ? ፊልሙ የሚያብሰለስለው ይህንን ነው።

እንዲህ ያለ ፊልም በወጣ ቁጥር በወላጆች መሀል የቆየ ሙግት ይነሳል። አንዱ ወገን «ክፉው ሁሉ ተበዳይ ሆኖ ከቀረበ ልጆቻችን ክፉና ደጉን በምን ይለያሉ?» ይላል። ሌላው ደግሞ የድሮው ተረት ራሱ ምን ያህል ጨካኝ እንደነበር ያስታውሳል። ልጅ ጫካ ይጣላል፣ ዓይን ይወጣል፣ ሰው ምድጃ ውስጥ ይገባል። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚከራከሩት በአንድ ነገር ላይ አለመሆኑ ነው። አንዱ የሚያወራው ስለ ግልጽነት ነው፤ ሌላው ስለ ጭካኔ።

በመሀል የተዘለለ ሦስተኛ ጥያቄ አለ። ከሁለቱ ይልቅ ክብደት ያለውም እሱ ይመስለኛል። ተረቱ ክፉውን የሚያስታውቀው በምን ምልክት ነው? አድማጩ ልጅ «ይሄ ክፉ ነው» የሚለው ምኑን አይቶ ነው? ፊቱን? የሥጋ ዝምድና አለመኖሩን? ዘሩን? ወይስ ያደረገውን?

የዊጉ ነገር

በየካቲት 2015 ዓ.ም. «ቴሌግራፍ» የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ አንድ ዘገባ አወጣ። የሮአልድ ዳል የልጆች መጻሕፍት በአዲሱ እትም በመቶዎች በሚቆጠሩ ቦታዎች ተለውጠዋል የሚል ነው። አሳታሚው ፓፊን ነው። በኅትመቱ ዓለም «ሴንሲቲቪቲ ሪዲንግ» የሚባል አሠራር አለ። መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት የትኛውን የኅብረተሰብ ክፍል ሊያስከፋ እንደሚችል እየፈተሹ ማንበብ ማለት ነው። ክርክሩ ይህን አሠራር አደባባይ አወጣው። በአንድ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሆዳም ልጅ «ወፍራም» መባሉ ቀርቶ «ግዙፍ» ተባለ። ደራሲው ሳልማን ሩሽዲ ነገሩን ሳንሱር አለው። ጩኸቱ ሲበረታ ፓፊን በዚያው ወር ያልተነካውንም እትም ጎን ለጎን እንደሚያሳትም አስታወቀ።

ከለውጦቹ ሁሉ አንዷ ለእኛ ጉዳይ ትጠቅማለች። ዳል በሌላ መጽሐፉ ጠንቋዮችን መለያ ምልክት ይሰጣል። መላጣ ናቸው፣ ስለዚህ ዊግ ያደርጋሉ። አዲሱ እትም እዚያው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረ። ሴቶች ዊግ የሚያደርጉባቸው ሌሎች ብዙ ምክንያቶች እንዳሉና ነውር እንደሌለው የሚናገር ነው። ብዙ ሰው ሳቀበት። እውነትም ዓረፍተ ነገሩ ደረቅ ነው። ተረቱን አስቁሞ ስብከት ያስገባል።

ሆኖም አርታኢው ያየው ችግር የፈጠራ አይደለም። እናቷ በካንሰር ሕክምና ፀጉሯ የረገፈባት ልጅ ያንን ገጽ ስታነብ የሚሰማት ነገር ይኖራል። ስህተቱ መፍትሔው ላይ ነው። ምልክቱ እንዳለ ቀርቶ ከጎኑ ማስተባበያ ተለጠፈበት። ተረቱ ውስጥ ግን ጠንቋይ የምትታወቀው አሁንም በፀጉሯ ነው።

ግሪሞች የለወጡት ምንድን ነው?

«የድሮው ተረት እንዳለ ይቀመጥ» የሚለው ሐሳብ ቀላል ይመስላል። የትኛው የድሮ? ያዕቆብ እና ዊልሄልም ግሪም የሰበሰቧቸውን የጀርመን ተረቶች የመጀመሪያ ቅጽ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1812 ነው። ሰባተኛው እትም የወጣው በ1857 ነው። በመሀሉ ባሉት 45 ዓመታት ተረቶቹ በየእትሙ ሲለወጡ ኖረዋል። በተለይ የዊልሄልም እጅ አያርፍም ነበር።

በ1812ቱ እትም «ስኖው ዋይት» የተባለችውን ልጅ ልታስገድል የምታሳድዳት የገዛ እናቷ ናት። በ1819 ወላጅ እናቷ ቀድማ ሞተችና ቦታዋን እንጀራ እናት ወሰደችው። ሃንሰልና ግሬተል የተባሉትን ሁለት ልጆች «ጫካ ወስደን እንጣላቸው» ያለችውም መጀመሪያ እናታቸው ነበረች። በ1840 እሷም እንጀራ እናት ሆነች። ወንድማማቾቹ የእናትነት ክብር እንዲነካ አልፈለጉም። መጽሐፉ ለምሁራን ብቻ ሳይሆን ለልጆች መነበብ ሲጀምር ይህ ይበልጥ አሳሰባቸው።

ጭካኔውስ? እሱ አልቀነሰም። እንዲያውም አንዳንድ ቦታ ጨምሯል። ርግቦች የሲንደሬላን እህቶች ዓይን የሚያወጡበት መጨረሻ በ1812 አልነበረም፤ በ1819 ነው የገባው። ክፉዋ ንግሥት በእሳት የጋለ የብረት ጫማ አድርጋ እስክትሞት የምትጨፍርበት ቅጣትም እስከ መጨረሻው እትም ዘልቋል። የወጣው ሌላ ነገር ነው፤ የወሲብ ፍንጭ ያለው አብዛኛው።

ቅጣቱን ያለዘበው ሲኒማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ዲዝኒ ያንኑ ተረት ፊልም ሲያደርገው ንግሥቲቱ የቆመችበትን ዓለት መብረቅ መትቶት ከገደል ወድቃ ሞተች። ሞቷ አልቀረም። ግን ማንም አልገደላት። የደጎቹ እጅ ንጹሕ ሆኖ ቀረ። ይህ ዘዴ ከዚያ በኋላ በብዙ የልጆች ፊልም ተደጋግሟል፤ ክፉው ይወድቃል እንጂ አይገደልም።

ወደ እንጀራ እናቷ እንመለስ። በዚያ ዘመን በአውሮፓ ሴቶች በወሊድ መሞታቸው የተለመደ ነበር። ባል ቶሎ ሌላ ያገባል። በሟቿ ልጆችና በአዲሷ ሚስት ልጆች መካከል በእህልም በውርስም ጭቅጭቅ ይነሳል። ስለዚህ ክፉ እንጀራ እናት ከሜዳ የተፈጠረች አይደለችም። ነገር ግን የግሪሞች ለውጥ ያደረገውን ልብ በሉ። ያው ክፉ ሥራ ከአንድ ሰው ተነስቶ ለአንድ ዓይነት ሰው ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ልጅ «እንጀራ እናት» የሚለውን ሲሰማ ሴትየዋ ገና ምንም ሳታደርግ መጨረሻዋን ያውቀዋል።

በእኛም ተረት እንጀራ እናት ብዙ ጊዜ መልካም ስም የላትም። ግን ተቃራኒውም አለን። አንዲት ሴት ሚስቱ የሞተችበትን ሰው ታገባለች። ልጁ አልቀበላትም ይላል። ምግቧን አይበላም፣ አያናግራትም። ሴትዮዋ መድኃኒት ፍለጋ ወደ አንድ አዋቂ ትሄዳለች። አዋቂው «ከአንበሳ ጢም አምጪልኝ» ይላታል። ሥጋ ይዛ ወደ አንበሳው ዋሻ ትመላለሳለች። መጀመሪያ ከሩቅ ታስቀምጥለታለች። ቀስ በቀስ ትቀርበዋለች። በመጨረሻ ጢሙን ነቅላ ስታመጣ አዋቂው «አንበሳውን እንደቀረብሽው ልጁንም ቅረቢው» ይላታል። በሌላ አተራረክ ሴትዮዋ የምትቸገረው በባሏ ጠባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 በእንግሊዝኛ የታተመ የኢትዮጵያ ተረቶች መድበል ርዕሱን የወሰደው ከዚህ ተረት ነው።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ልጁ እናቱ ሞታበታለች፤ ኩርፊያው ይገባል። ሴትዮዋም አስቸጋሪ ቦታ ላይ የገባች ሰው ናት። «ክፉ የሌለበት ተረት የዘመኑ ፈረንጅ ያመጣው ነው» የሚል ሰው ይህን ተረት ማሰብ አለበት።

አንድ ዓይን

በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የታወቀ ልማድ አለ። ጻድቃን ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አዙረው በሁለት ዓይን ይሳላሉ። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ሰማዕታትን የሚያሠቃዩ ወታደሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ በጎን ነው የሚሳሉት። የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ልማዱ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ ታሪክ ሥዕልም ገብቷል። በአድዋ ጦርነት ሥዕሎች ላይ ኢትዮጵያውያኑ በሁለት ዓይን፣ ጣሊያኖቹ በአንድ ዓይን ይታያሉ። ማንበብ የማይችል ልጅ ግድግዳውን አይቶ ማን የማን ወገን እንደሆነ ያውቃል።

የሚገርም አጋጣሚ አለ። ፍራንክ ባውም የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1900 ባወጣው የልጆች መጽሐፍ ያችን የዛሬዋን የፊልም ጠንቋይ ሲፈጥራት አረንጓዴ አልነበረችም። አንድ ዓይን ብቻ ነበራት። አረንጓዴው ቆዳ የመጣው በ1939 ባለ ቀለም ፊልም ሲሠራ ነው። ቴክኒኩ አዲስ ነበርና ቀለሙ በደንብ እንዲታይ ተፈለገ። የዛሬው ፊልም መላ ጭብጡን ያቆመው በዚያ ቀለም ላይ ነው።

ተረት ምልክት የሚወድበት ምክንያት አለው። ታሪኩ አጭር ነው። አድማጩ ትንሽ ነው፣ ሰዓቱም መሽቷል። የሰውን ውስጥ ለመዘርዘር ጊዜ የለም። ስለዚህ ጠማማ አፍንጫ፣ ጠባሳ፣ ወፍራም ድምፅ፣ ረጅም ጥፍር ሥራውን ያቀልላል። እስከዚህ ድረስ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚጀምረው ምልክቱ በሕይወት ያለ ሰው ላይ ሲገኝ ነው።

ከእኛው አገር እንውሰድ። ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚል እምነት ነበር፤ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ይህ ስም የተለጠፈው በማን ላይ ነው? በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ በፋቂው ላይ ነው። ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በብረትና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ስለነበር ስሙ በእነሱ ላይ በርትቷል። ዛሬ እስራኤል ያሉት አረጋውያን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ማታ በተረቱ የሚፈራው ጅብና ጠዋት ገበያ ላይ ማሰሮ የምትሸጠው ሴት በልጁ ጭንቅላት ውስጥ ተገናኙ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው የነገሩን ሥር መስደድ ያሳያል።

እርግጥ መድልዎውን የፈጠረው ተረት አይደለም። መሬት የማግኘት መብት፣ ሃይማኖት፣ የሙያ ንቀት ሁሉ አሉበት። የተረቱ ድርሻ ሌላ ነው። ልጁ ምክንያት መጠየቅ ከመጀመሩ በፊት ፍርሃቱን ያወርሰዋል።

ይህ ሆን ተብሎ ሲደረግ ምን እንደሚመስል ታሪክ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1938 በናዚ ጀርመን ዩሊየስ ሽትራይኸር የተባለ አሳታሚ «መርዛማው እንጉዳይ» የሚል የልጆች መጽሐፍ አወጣ። መርዛማው እንጉዳይ ከደህናው ለመለየት እንደሚያስቸግር ሁሉ አይሁድንም ለመለየት መማር ያስፈልጋል ይላል። ከዚያ ልጆችን የአፍንጫ ቅርጽ ያስተምራል። ሽትራይኸር ኑረምበርግ ላይ ተፈርዶበት በ1946 ተሰቀለ። መጽሐፉ መንገድ የጠረገለት ሰው አላጣም። ከግሪሞች ስብስብ ውስጥም አይሁዳዊን እሾህ መሀል የሚያስጨፍርና በመጨረሻ የሚያሰቅል ተረት አለ።

አህያዋ ስትናዘዝ

አሁን ምልክት የሌለበት ተረት እንይ። ሃሮልድ ኮርላንደር እና ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች ስብስብ ውስጥ የሚገኝ ነው። በቃልም ይነገራል።

አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰበሰቡ። ዝናብ ጠፍቷል፣ ምግብ የለም። «ይህ የመጣብን ከመሀላችን ኃጢአት የሠራ ቢኖር ነው፤ እንናዘዝ» ተባባሉ። አንበሳ መንደር ገብቶ ጥጃ መብላቱን ተናገረ። ሌሎቹ ይፈሩታልና «ኧረ ይሄማ ኃጢአት አይደለም» አሉት። ነብር ፍየል፣ ጅብ ዶሮ መብላታቸውን ተናዘዙ። መልሱ ያው ነው። አህያ ተራዋ ሲደርስ «ጌታዬ ከሰው ጋር ቆሞ ሲያወራ ከመንገድ ዳር ትንሽ ሣር ነጭቻለሁ» አለች። «ለካስ መከራው የመጣው ባንቺ ነው!» ብለው በሏት።

ማን ነው ክፉው? አንበሳ ስለሆነ አይደለም፤ ጅብ ስለሆነም አይደለም። በዚህ ታሪክ ክፋቱ ያለው ፍርዱ ውስጥ ነው። የሚሰማው ልጅ ይናደዳል። የሚናደደው በማንም መልክ ሳይሆን በሚዛኑ መጣመም ነው። ማጽናኛም የለውም፤ ቅጣት አይመጣም፣ አዳኝ አይደርስም። ከዚሁ ቤተሰብ የሆነች አባባል በአማርኛ አለች፤ «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ»። ጅቡ መብላቱ አይቀርም። ተበይው የሚለምነው ሰበቡ እንዲቀርለት ነው። ክፋት ሁልጊዜ ምክንያት ይዞ እንደሚመጣ ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ ያጠረ መንገድ አላውቅም።

ይህን ስል ግን የእኛ ተረት ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። የጦጣን ተረቶች እንይ። እመት ጦጢት የምታሸንፈው ደግ ስለሆነች አይደለም፤ ስለምትሸውድ ነው። አቡነዋስም እንደዚሁ። እነዚህ ተረቶች ስለ ክፉና ደግ ሳይሆን ስለ ብልጥና ሞኝ ናቸው። ደካማ ጉልበተኛውን ሲያታልል ደስ ይላል። ደካማ ሌላውን ደካማ ሲያታልልም ግን በዚያው ሳቅ ይታለፋል። ሴትን ተንኮለኛና ምስጢር የማትጠብቅ አድርገው የሚስሉ ተረቶችም ሞልተዋል። እዚያ ላይ የግሪሞች እንጀራ እናት ላይ ያነሳነው ነቀፋ በእኛም ይደርሳል።

ጥናቶቹ ምን አገኙ?

ተረት ልጅን ያርማል የሚለው እምነት ሰፊ ነው። ማስረጃው ግን ከእምነቱ ጠባብ ነው።

ዣን ፒያዤ የተባለው የስዊስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ሥራ ለልጆች ሁለት አጫጭር ታሪክ ይነግር ነበር። አንዱ ልጅ በር ሲከፍት ሳያውቅ 15 ስኒ ይሰብራል። ሌላው ጃም ሊሰርቅ ሲንጠራራ አንድ ስኒ ይሰብራል። የቱ ይብሳል? ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ 15 የሰበረውን አሉ። ትልልቆቹ ሐሳቡን ማየት ጀመሩ። የኋላ ጥናቶች ነገሩን አለዝበውታል። የልጁ ሐሳብ ግልጽ ተደርጎ ከተነገራቸው ትንንሾቹም ያመዛዝናሉ። ይህ ለተራኪ ትልቅ ፍንጭ ነው። ገጸ ባሕርይው ለምን እንዳደረገው ጥርት ተደርጎ ካልተነገረ ልጁ የሚይዘው የተሰበረውን ነው።

ስለ ጨቅላዎችም ክርክር አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የታወቀ ጥናት የ6 እና የ10 ወር ሕፃናት ሌላውን የሚረዳ አሻንጉሊት ከሚያደናቅፈው ይልቅ ይመርጣሉ ብሎ ነበር። «ደግነት አብሮን ይወለዳል» የሚል ወሬ ከዚያ ተነሳ። በቅርቡ በብዙ ላቦራቶሪዎች በጋራ የተደገመው ሙከራ ግን ያንን ምርጫ አላገኘም። ስለዚህ በዚህ ላይ ቤት መሥራት ይቸግራል።

ለእኛ ጉዳይ በጣም የሚጠቅመው እ.ኤ.አ. በ2014 በካናዳዊው ካንግ ሊ እና ባልደረቦቹ የወጣው ነው። ከ3 እስከ 7 ዓመት ያሉ ልጆች «አሻንጉሊቱን ዞረህ እንዳታይ» ተብለው ብቻቸውን ይቀመጣሉ። አብዛኛው ያያል። ከዚያ ተረት ይነበብላቸውና «አየህ ወይ?» ተብለው ይጠየቃሉ። «ተኩላ መጣ!» እያለ የዋሸው እረኛ ተረት ውሸትን አልቀነሰም። በዋሸ ቁጥር አፍንጫው የሚያድገው የእንጨት ልጅም አልቀነሰም። የቀነሰው ስለ ጆርጅ ዋሽንግተን የሚነገረው ነው። ልጁ ዋሽንግተን የአባቱን የቼሪ ዛፍ ቆርጦ እውነቱን ይናገራል፤ አባቱም ያመሰግነዋል። ተመራማሪዎቹ መጨረሻውን ገልብጠው ቅጣት ሲያስገቡበት ውጤቱ ጠፋ። ቅጣትን ያየ ልጅ የተማረው መፍራትን እንጂ እውነት መናገርን አይመስልም። በነገራችን ላይ የቼሪ ዛፉ ታሪክ ሜሰን ዊምስ የተባለ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ የፈጠረው እንደሆነ ይታመናል። ልጆችን እውነት ያናገረው ተረት ራሱ ውሸት ነው።

የእንስሳ ተረት ወዳጆችን የሚያሳስብ ግኝትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ቶሮንቶ ላይ በተደረገ ጥናት ስለ መካፈል የሚናገር ታሪክ ለልጆች ተነበበ። ገጸ ባሕርያቱ ሰዎች ሲሆኑ ልጆቹ ያላቸውን ይበልጥ አካፈሉ። ያው ታሪክ ልብስ በለበሱ እንስሳት ሲቀርብ ያ ለውጥ አልታየም። አህያዋን ሳወድስ ይህን መርሳት የለብኝም። ሆኖም አንድ ጊዜ በላብራቶሪ የተነበበ ታሪክ እና ለዓመታት ማታ ማታ የሚደጋገም ተረት አንድ አይደሉም።

ክፉው የኋላ ታሪክ ሲያገኝ

የዘመኑ ፊልሞች የሚወዱት ዘዴ የክፉውን የኋላ ታሪክ መተረክ ነው። ክፉ ከመሆኑ በፊት ምን ደረሰበት? ለዚህ የንግድ ምክንያት አለ። ስሙ የታወቀ ገጸ ባሕርይ ማስታወቂያ አይፈልግም። በልጅነቱ ያየው ሰው ዛሬ ወላጅ ሆኖ ቲኬት ይቆርጣል። የባውም መጽሐፍ ደግሞ የባለቤትነት መብቱ ጊዜ አልፏል፤ ማንም እንደገና ሊተርከው ይችላል።

«ክፉ የሚባል ነገር ቀረ» የሚለው ቅሬታ ግን ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 «ማሌፊሰንት» በተባለው ፊልም የእንቅልፏን ልዕልት የረገመችው ሴት ተበዳይ ሆና ቀርባለች። ክንፏን ቆርጦ የወሰደው ንጉሥ ነው ክፉው። በ«ዊክድ»ም ክፋቱ የወጣው ከጠንቋይዋ ነው፤ የገባው ደግሞ ሕዝቡን በውሸት የሚያስተዳድረው ባለ ሥልጣን ላይ ነው። ክፋት አልጠፋም፤ አድራሻ ቀየረ። ከቆዳ ተነስቶ ወደ ሥልጣን ሄደ። አንዳንዱ ፊልም ደግሞ ምልክቱን ራሱን ይሰብረዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው «ፍሮዝን» መልከ መልካሙና ትሁቱ ልዑል መጨረሻ ላይ ከሃዲ ይሆናል። «አክተሩ» መስሎን የቆየው ሰው ማለት ነው።

ብሩኖ ቤተልሃይም የተባለው የሥነ ልቦና ሰው እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው መጽሐፍ ይህን አይወድም ነበር። ትንሽ ልጅ የተወሳሰበ ሰው አይገባውም፤ ደጉ ፍጹም ደግ፣ ክፉው ፍጹም ክፉ ሲሆን ነው የሚለየው ይላል። ከተቺዎቹ ነቀፋ አንዱ የግሪሞችን እትም ዘላለማዊ አድርጎ ማየቱ ነው። እኛም እንዳየነው ያ «ፍጹም ክፉ» እንጀራ እናት ራሷ የአርታኢ ብዕር ውጤት ናት። ስለ ዕድሜ የተናገረው ግን የሚጣል አይደለም። ለ5 ዓመት ልጅ ግልጽ ክፉ ሥራ ያስፈልገዋል። 10 ዓመት ሲሞላው «ለምን?» ማለቱን ይወደዋል።

በኋላ ታሪኩ ላይ የእኔ ጥርጣሬ ከሌላ በኩል ነው። ማስረዳት ይቅር ማለት አይደለም፤ ፍርድ ቤትም የወንጀለኛውን ታሪክ ሰምቶ ይፈርዳል። የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። ክፉው ሁሉ በልጅነቱ የተደበደበ፣ የተተወ፣ የተሳቀበት ከሆነ የተበደለ ሰው ክፉ ይሆናል የሚል ሥርዓት ይሠራል። ጠባሳው ከፊት ተነስቶ ልብ ውስጥ ገባ እንጂ ምልክትነቱ አልቀረም። ብዙ ተበድለው ማንንም ያልጎዱ ሰዎች፣ ከጥቃት የተረፉ ልጆችን ጨምሮ፣ በእነዚህ ፊልሞች ቦታቸው ጠባብ ነው።

ሥዕሉ ተገዝቶ ሲመጣ

የአማርኛ ተረት ለረጅም ጊዜ በሰው አፍ ነው የኖረው። ተራኪው «ተረት ተረት» ይላል፣ ልጆቹ «የላም በረት» ይላሉ። በዚያ መልስ ማን እንደነቃ፣ ማን እንደፈራ ያውቃል። የፈራ ካለ ጅቡ ሳይበላ ይሸሻል። ሁሉም ከሳቀ ጅቡ ገደል ይገባል። አባባ ተስፋዬ ይህን ባህል በቴሌቪዥን ይዘውት ከ40 ዓመት በላይ ቆይተዋል። ስለ ማሻሻል የሚደረገው ክርክር ይህን ይረሳል። የቃል ተረት በየምሽቱ የሚታረም ነገር ነበር። አራሚው ልጁን የሚያውቅ ሰው ነው።

ዛሬ በዩቲዩብ ከሚቀርቡት የአማርኛ ተረቶች በርካታዎቹ የአውሮፓ ተረቶች ናቸው። ሥዕሉ ውጭ ተሠርቶ ድምፁ በአማርኛ ይቀዳበታል። ምክንያቱ ገንዘብ ነው። የካርቱን ሥዕል ማንቀሳቀስ ውድ ነው፤ ድምፅ መቅዳት ርካሽ። አንዱ ሲያልቅ ቀጣዩን የሚመርጠው አልጎሪዝም ነው፤ ልጁ ብዙ ያየውን ዓይነት እያየ የሚያቀርብ የኮምፒዩተር ቀመር። ውጭ አገር ያሉ ወላጆችም ልጆቻቸው አማርኛ እንዳይረሱ ብለው ይከፍቱላቸዋል። ቋንቋው ይጠቅማል። አብሮ የሚመጣው ግን የሌላ አገር የክፉ መልክ ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ ታይቷል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» እዚሁ ተሠርቶ ነው በቴሌቪዥን የቀረበው፤ ባለታሪኳ የቀጭኔ አሻንጉሊት ናት። አብዛኛው ታሪክ ክፉ ገጸ ባሕርይ ሳያስፈልገው ይሄዳል። አሻንጉሊት ከካርቱን ይቀልላል። ሆኖም በዚያ መጠን የተሠራ ሥራ በዝቶ አላየንም።

ድምፅ የሚቀዳው ተርጓሚ ብዙ ነገር በእጁ ነው። «ጠንቋይ» የሚለውን «ሴትዮ» ማድረግ ይችላል። የጋለውን ጫማ መዝለል ይችላል። እንጀራ እናቷን አክስት ሊላት ይችላል። ሥዕሉ ላይ ግን አፍንጫዋ ጠማማ ሆኖ ተስሏል፤ ፊቱ ጠቁሮ የተሳለውም የእሷ ብቻ ነው። ልጁ ደግሞ ቃሉን ከመስማቱ በፊት ሥዕሉን ያያል። ሥጋ ይዛ ወደ አንበሳ የምትመላለሰዋን እንጀራ እናት ለማሳየት ከመጀመሪያው መሳል ያስፈልጋል። ለዚያ የሚከፍል እስኪገኝ የአማርኛ ተናጋሪው ልጅ የሚያውቃት እንጀራ እናት ዊልሄልም ግሪም በ1819 የተካት ናት።